ጎብዬ ማሽላ፦ ከኮምቦልቻ ገዝተን የዘራነው ዘር

«ጎብዬ» የተባለውን የማሽላ ዘር ከኮምቦልቻ አንድ የግብርና ግብዓት መደብር ገዝተን ሐርቡ አካባቢ በሚገኘው የአጎቴ ማሳ ላይ ዘርተነዋል። አቀንጭራ የተባለው የማሽላን ሥር የሚመጠምጥ ጥገኛ አረም ያስቸገረው የቃሉና የባቲ ገበሬ ከመግዛቱ በፊት ሊያውቀው ይገባል የምለውን ላስፍር። ዘሩ እንክርዳድና የተሰባበረ ፍሬ የሌለበት፣ ነጭና እኩያ ነው፤ ጥቂቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ስንፈትነውም አበቃቀሉ አስተማማኝ ሆኖ አግኝተነዋል።

የዚህ ዘር አባት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ፣ በአንዲት የሣር ጎጆ ተወልደው፣ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘው ትምህርት ቤት እየገቡ ዓርብ ወደ ቤት በመመለስ ተማሩ፤ ከጅማ የግብርና ትምህርት ቤትና ከዓለማያ ኮሌጅ በኋላም አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። መምህራቸው ጆን አክስቴል እ.ኤ.አ. በ1973 ከባልደረባቸው ጋር ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ክፍል የበለጸገ ማሽላ ማግኘታቸውን ይፋ አድርገው ነበር፤ የተገኘውም የእኛው ወሎ «ወተት በጉንጬ» እያለ ሲዘራው ከኖረው የማሽላ ዓይነት መሆኑ ሊነገር የሚገባው ነው። ገቢሳ ሱዳን ሳሉ ያዳቀሉት «ሐጊን ዱራ 1» የተባለ ዲቃላ ማሽላ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬ ተለቀቀ። የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ በዋናነት ካስመሰገኗቸው ሥራዎች አንዱ በአቀንጭራ ላይ ያደረጉት ምርምር ነው።

አቀንጭራን አርሞ መጨረስ የማይቻለው ለምን እንደሆነ የገባኝ ይህን ምርምር ካነበብኩ በኋላ ነው። አንዲቱ ተክል የምታረግፈው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ ትቢያ የደቀቀ ፍሬ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ብቻ ነው። ከዚያም ሥሩ ላይ ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጠምጣል፤ ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ በሚታይበት ጊዜ ማሽላው አስቀድሞ ተጎድቷል። ገቢሳና ባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ይህን ከመሬት በታች የሚፈጸም ነገር በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ በዓይን የሚታይ በማድረግ፣ ቀስቃሹን ኬሚካል እምብዛም የማያመነጩትን የማሽላ ዝርያዎች ለዩ። ጎብዬም የዚሁ ሥራ ፍሬ ነው። በአጎቴ ማሳ ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነበር፦ ደገሌት የምንለው፣ ረጅም አገዳ ያለውና ዘግይቶ የሚደርሰው የአካባቢው ማሽላ የተዘራበት መደብ በአቀንጭራ አበባ ሲሸፈን፣ በጎብዬው መደብ አቀንጭራ የታየው እዚህም እዚያም ብቻ ነው።

ጉድለቱም መነገር አለበት። አገዳው አጭር ነው። አጎቴ ገና ሲያሸት አይተው «እንዲህ ካጠረስ በሬዬ ምን ሊበላ ነው?» ያሉት እውነታቸውን ነው፤ ወሎ ውስጥ አገዳ መኖም፣ ማገዶም፣ አጥርም ነውና። በተጨማሪም ከአካባቢው ማሽላ ቀድሞ ስለሚደርስ የወፍ መንጋ ሁሉ በእርሱ ላይ ያርፋል፤ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ የሚጠብቅ ሰው የሌለው ቤተሰብ ባይዘራው ይሻላል። ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን የመደብሩ ነገር ነው። ዘሩ ብቻውን ተአምር እንዲሠራ አልተዘጋጀም፤ ገቢሳም ይሠሩበት የነበረው መንገድ ዘሩን ከማዳበሪያና ከእርጥበት ማቀቢያ ጋር አጣምሮ ለገበሬ ማድረስ ነበር። መደብሩ ግን ዘሩን መዝኖ ከመስጠት በቀር እርጥበት ስለሚያቅበው ቦይም፣ ስለ ማዳበሪያውም፣ ስለ መዝሪያ ጊዜውም አንዲት ቃል አልነገረንም። እንደ ደገሌት በሚያዝያ የሚዘራ መስሎት የሚገዛ ሰው ብዙ ነው፤ ይህ ግን ፈጥኖ የሚደርስ በመሆኑ የክረምቱ ዝናብ ሲገባ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ የሚዘራ ነው።

ዋጋው ከገበያ ማሽላ በእጅጉ ቢወደድም፣ ጎብዬ እንደ ሐጊን ዱራ በየዓመቱ የሚገዛ ዲቃላ ስላልሆነ ንጹሑን ዛላ መርጦ ለከርሞ ዘር ማስቀረት ይቻላል። ስለዚህ አቀንጭራ የበረታበትን መደብ ብቻ በጎብዬ መሸፈን፣ በተረፈው ላይ ደገሌቱን ለአገዳው ሲባል ማቆየት የምመክረው አካሄድ ነው።