በማታውቁት ኢሜይል ቪዛ አታስሞሉ፤ ወንድሜ 5 ዓመት የታገደው በዚህ ነው

ታናሽ ወንድሜ ካናዳ እንዳይገባ ለ5 ዓመት ታግዷል። በእጁ አንድም የውሸት ወረቀት አላዘጋጀም። በስሙ ግን ገብቶበታል። ለትምህርት ወደ ውጭ ለመሄድ ኤጀንሲ የያዛችሁ ወይም ልትይዙ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡና ከዚያ ክፈሉ።

ቢሮው መገናኛ አካባቢ ነው። ስሙን አልጽፍም። እንደዚህ የሚሠሩት ብዙ ስለሆኑ፣ አንዱን ስም ሸሽታችሁ ሌላው ጋ እንድትገቡ አልፈልግም። የሚሸጡት «ሙሉ ፓኬጅ» ይባላል። አድሚሽን፣ ስፖንሰር፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ማመልከቻ፣ ሁሉም በ180 ሺህ ብር። ግማሹ ቅድሚያ፣ ግማሹ ቪዛው ሲመታ። እማዬ ቅድሚያውን የከፈለችው እቁብ ወጥቶላት ነው።

ልጁ ጎበዝ ነው። የአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና) ውጤቱ የራሱ ነው። የአድሚሽን ደብዳቤውም ትክክለኛ ነበር፤ በኋላ ኮሌጁን ጠይቀን አረጋግጠናል። የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ፓስፖርቱን ኮፒ አደረጉና በስሙ አዲስ ኢሜይል ከፈቱ። የራሱ ስም፣ መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር። ፓስወርዱን ሲጠይቃቸው «አንተ አታስብ ወንድሜ፣ እኛ እንከታተልልሃለን» አሉት። አመስግኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ያደረገው ነገር ቢኖር የቪዛ ማመልከቻ ማዕከል ሄዶ አሻራ መስጠት ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ እነሱ ሞሉት። አሻራው ግን የእሱ ነው።

ከወራት በኋላ ስልክ ደውለው «ተከልክሏል፣ ያጋጥማል፣ ለሚቀጥለው ኢንቴክ (የትምህርት መግቢያ ወቅት) እንሞክራለን» አሉት። የክልከላውን ደብዳቤ ስጡን ብንል ዛሬ ነገ እያሉ አመላለሱን። ቶሮንቶ የምትኖር የአክስታችን ልጅ የፈቃድ ቅጽ አስፈርማው፣ 5 ዶላር ከፍላ ፋይሉን ከካናዳ ኢሚግሬሽን አስወጣችልን። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ካናዳ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ፣ እናንተ ከፈረማችሁለት ፋይላችሁን ጠይቆ ማውጣት ይችላል።

ፋይሉ ውስጥ ስፖንሰሩ «አጎት» ይላል። ስሙን በሕይወታችን ሰምተነው አናውቅም። የባንክ ማረጋገጫ ደብዳቤም አለ፣ ማህተም ያለው። ካናዳዎቹ ባንኩን ሲጠይቁ ባንኩ እኔ አልሰጠሁም ብሏል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ነው እጄ የተንቀጠቀጠው። ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት ለወንድሜ ጽፈውለት ነበር። «ይህን ሰነድ ተጠራጥረናል፣ በተሰጠህ ቀን ውስጥ መልስ ስጥ» የሚል ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የሄደው ፓስወርዱን ወደማያውቀው ኢሜይል ነው። ማንም አልመለሰም። ቀኑ አለፈ፣ እገዳው ተጻፈ።

በካናዳ ሕግ በማመልከቻው ላይ ለተጻፈው ሁሉ ተጠያቂው አመልካቹ ነው። ኤጀንሲው ነው የሞላው ማለት አያድንም። ነገሩ በካናዳ ብቻም አያበቃም። ካናዳ፣ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የኢሚግሬሽን አሻራ መረጃ ይለዋወጣሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ መንግሥት የሚያስከፍለው ለተማሪ ፈቃዱ 150፣ ለአሻራው 85፣ በድምሩ 235 የካናዳ ዶላር ነው። በካርድ የሚከፈለው በኢሚግሬሽኑ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ ካርድ ከሌላችሁ ውጭ ያለ ዘመድ ይከፍልላችኋል። ከባዱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ብቻውን የሚሄድ ተማሪ፣ ከመጀመሪያው ዓመት የትምህርት ክፍያና ከትኬቱ ሌላ፣ ለኑሮ ብቻ 22,895 የካናዳ ዶላር እንዳለው ማሳየት አለበት። ኩቤክ የምትባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር የራሷ ተመን አላት። «ስቴትመንቱን እኛ እናዘጋጃለን» የሚለው ቃል ጆሮ የሚገባው ለዚህ ነው። እማዬም እኔም «ከየት ታመጡታላችሁ?» ብለን አልጠየቅንም። መጠየቅ ነበረብን። የእናንተ ወይም የምታውቁት ዘመድ ያልሆነ ገንዘብ በስማችሁ ከቀረበ፣ የምትገዙት እገዳ ነው።

የውሸት አድሚሽን የሚሸጡም አሉ። ከህንድ የሄዱ ተማሪዎች ሳያውቁ በሐሰተኛ ደብዳቤ ገብተው፣ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2023 ትልቅ ዜና ሆኖ ነበር። ከዚያው ዓመት ዲሴምበር ጀምሮ ኢሚግሬሽኑ እያንዳንዱን ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ጋር ያመሳክራል። ስለዚህ እናንተም ትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ወዳለው የአድሚሽን ክፍል ኢሜይል ጽፋችሁ ጠይቁ። የትምህርት ክፍያም በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ እንጂ በኤጀንት ሒሳብ አይከፈልም።

ገንዘብ ተቀብሎ የካናዳ ማመልከቻ የሚይዝላችሁ ሰው ፈቃድ ያለው የካናዳ ጠበቃ ወይም የኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ (ትምህርት ቤት ሳይሆን አማካሪዎችን የሚቆጣጠር የካናዳ ተቋም ነው) አባል መሆን አለበት፤ ኩቤክ ውስጥ ኖታሪም ይችላል። የኮሌጁ አባላት ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ለማንም ክፍት ነው። የአባልነት ቁጥራችሁን ንገሩኝ በሏቸው። ፊታቸው ከተለዋወጠ ውጡ። ይህ ሰው ቁጥሩ 5476 በሆነው የውክልና ቅጽ ፋይሉ ውስጥ መመዝገብም አለበት። በወንድሜ ፋይል ወኪል የሚባል የለም። ወረቀቱን እንዳለ ያነበበ ሰው፣ ሁሉንም ሞልቶ የላከው ልጁ ራሱ ነው ብሎ ነው የሚያምነው።

ቅድሚያ ክፍያውን አልመለሱልንም። ደረሰኙ ላይ ያለው «የማማከር አገልግሎት» ብቻ ነው። አገልግሎቱ ተሰጥቷል አሉን።

ማመልከቻችሁ አሁን ኤጀንሲ ጋ ያለ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት ሂዱ። የኢሜይሉንና የማመልከቻ አካውንቱን ፓስወርድ ተቀበሉ፤ እዚያው ቁጭ ብላችሁ በስልካችሁ ክፈቱና ፓስወርዱን ቀይሩ። ፓስወርድ ሲጠፋ ኢሜይሉን መልሶ ለመክፈት የተመዘገበውን ስልክ ቁጥርም ወደ ራሳችሁ አዙሩ፤ ይሄ ካልተቀየረ መልሰው ይገቡበታል። የተላከውን እያንዳንዱን ወረቀት አንብቡ። የማታውቁት ስም ወይም የማታውቁት ባንክ ካገኛችሁ፣ ውሳኔው ሳይወጣ በኢሚግሬሽኑ ዌብ ፎርም ራሳችሁ ጽፋችሁ አሳውቁ። ፓስወርዱን አንሰጥም ካሉ ደግሞ ኢሜይል አድራሻዬ ተቀይሯል ብላችሁ በዚያው ፎርም የራሳችሁን አስመዝግቡ።