ትምህርት ቤት መዝጋት ወይስ የምደባ ወሰን መቀየር? የሲያትል ጉዳይ

በአሜሪካ የሲያትል ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የበጀት ጉድለት ገጥሞት እስከ 21 ትምህርት ቤቶች የሚዘጋ ዕቅድ አቀረበ። ቁጥሩ ወደ 4 ወረደ፤ ዕቅዱም በኖቬምበር ጭራሽ ተሰረዘ።

4ቱ ቢዘጉ በዓመት ይድናል የተባለው 2.7 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ለምን ይህን ያህል አነሰ? ልጆቹ ሲዛወሩ መምህራኑም ደመወዛቸውም ይከተሏቸዋላ! የሚቀነሰው በዋናነት የርዕሰ መምህር፣ የጸሐፊና የማሞቂያ ወጪ ነው። ባዶው ሕንፃም ጥበቃና ጥገና ይፈልጋል፤ ቺካጎ በ2013 ወደ 50 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ዘግታ ብዙዎቹ ሕንፃዎች ለዓመታት ባዷቸውን ቆመዋል።

የምደባ ወሰን መቀየር፣ ማለትም የየትኛው ሰፈር ልጅ የት ትምህርት ቤት እንደሚማር የሚወስነውን መስመር ማዛወር፣ የበጀት ጉድለት አይሞላም፤ ከተጨናነቀው ክፍል ወደ ሰፊው ልጆችን ያሸጋሽጋል እንጂ። ሕንፃው ግን ይተርፋል፤ የሕፃናት ቁጥር ዳግም ሲጨምር ይሄ ዋጋው ትልቅ ነው። አዲሱ መስመር አውራ ጎዳና ካቋረጠ በእግሩ ይሄድ የነበረው ልጅ አውቶቡስ ያስፈልገዋል። ከሁሉ የሚከፋው ታላቅና ታናሽ ሲለያዩ ነው፤ እናት በአንድ ጠዋት ሁለት በር ማድረስ አለባት። ወላጆች ስለ ወሰኑ በሚጠራ ስብሰባ ላይ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ነባሩ ተማሪ እስኪጨርስ ይቆያል? ታናሹስ ይከተለዋል? አውቶቡሱስ ለሁለቱም ይቀጥላል?