በልክ የተሠራ አዲስ ፍሬም ወይስ ያገለገለ የሊድስ ብረት?

ከፋሲካ ወዲህ ብቻ ሦስት ሰው ደውሎ ያንኑ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ብስክሌት ልገዛ ነው፤ ፍሬሙን በልኬ ላሠራ ወይስ ያገለገለ ልፈልግ?» ሊድስ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል በብስክሌት ገንዘብ በመጨረስ ስሜ የወጣው እኔ ነኝ፤ ጥያቄው ሌላ ቤት አያንኳኳም። ከእንግዲህ ለሚደውል ሁሉ ይህን እልካለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዋጋዎቹ በፓውንድ ናቸው።

መልሱን ከወዲሁ ልናገር፦ ያገለገለውን ግዙ። በ1970ዎቹ ወይም በ1980ዎቹ እዚሁ በሰሜንና በመካከለኛው እንግሊዝ አንድ ባለሙያ በእጁ የሠራውን የብረት ፍሬም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን መጀመሪያ ስለጠፋው 420 ፓውንዴ ማውራት አለብኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት የታወቀ የጣሊያን ስም የተጻፈበት፣ ከብረት ሳይሆን ከካርቦን ቃጫ የተሠራ ፍሬም በኢንተርኔት አየሁ። እውነተኛው በሺዎች ይሸጣል፤ ይህኛው 365 ነበር። ማስመጫና ቀረጥ 55 ተጨመረበት። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ክብደቱ እንደ ላባ ነው፣ ወዳጆቼ ሁሉ ቀኑብኝ። በአራተኛው ወር ቁልቁለት ስወርድ ከመሪው ሥር ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ ነቅዬ ሳየው አንገቱን ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ዞሮታል። ሻጩን ብፈልገው ገጹን ዘግቶ ጠፍቷል። ካርቦን የሚጠግን ሰው ዘንድ ብወስደው ጫፉን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ውስጡ ምን እንዳለ ስለማላውቅ አልነካውም» ብሎ መለሰልኝ። ፍሬሙ አሁን ጋራዤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለቤቴ የ420 ፓውንድ ሥዕል ትለዋለች።

ስለዚህ አስመስሎ የተሠራ ካርቦን በዚህ ንጽጽር ውስጥ ቦታ የለውም። ፉክክሩ በሁለት ብረቶች መካከል ነው።

አዲስ ማሠራት ልብስ ሰፊ ዘንድ እንደመሄድ ነው። ቁመት፣ የእግር፣ የክንድና የትከሻ ልክ ይወሰዳል፤ ምን ያህል እንደምትጎነበሱ፣ ወገባችሁን ያማችሁ እንደሆነ ትጠየቃላችሁ። ደስ ይላል። ደስታው የሚያበቃው ዋጋው ሲነገር ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ቦታ ጠየቅኩ፤ አንዱ ለፍሬምና ለሹካ 1,850፣ ሌላው 2,200 አለኝ። ይህ ጎማ የለበትም፣ ፍሬን የለበትም፣ ኮርቻ የለበትም። ሁለተኛ ቀለም ካማራችሁ ተጨማሪ 120። የመጠበቂያው ጊዜ ስምንት ወር። ሌላውን ዕቃ አሟልታችሁ መንገድ ላይ ስትወጡ ከ3,000 በታች አትጨርሱም።

ከዚያ ደግሞ ቀብድ አለ። አብዛኛው ሰው ስለ ቱቦው ዓይነት ሲከራከር ይውላል፤ እኔ የምፈራው ቀብዱን ነው። የእነዚህ ፍሬም ሠሪ ቤቶች ዕጣ በአንድ ሌሊት ሲገለበጥ አይተናልና። ቦብ ጃክሰን እዚሁ ሊድስ በ1935 የተመሠረተ ስም ነው፤ በ1970ዎቹ ፍሬሞቹ አትላንቲክን ተሻግረው አሜሪካ ይሸጡ ነበር። በ2020 መጨረሻ ሊዘጋ መሆኑ ተነገረ። ደግነቱ በ2021 የዚያው ከተማ ፍሬም ሠሪ ድርጅት ውድረፕ ገዝቶ ስሙን አተረፈው። የደርቢው መርሺያን ከ1946 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ በግንቦት 2024 ድርጅቱ ሊፈርስ ነው ተባለ፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ የአካባቢው ብስክሌት ወዳጆች ተሰባስበው ገዙትና እንደገና ተነሣ። የክሮይደኑ ሮበርትስ ግን ባለቤቱ በ2015 ጡረታ ሲወጣ በሩ ተዘጋ፤ የሚያነሣውም አልተገኘ። ድርጅት ሲፈርስ ቀብድ የከፈለ ደንበኛ ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው።

እናም አዲስ ካላሠራሁ ብላችሁ ከተነሣችሁ ቀብዱን በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። በዚህ አገር ሕግ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ለሆነ ዕቃ፣ ከፊሉን ብቻ በክሬዲት ካርድ ብትከፍሉም እንኳ፣ ካርዱን የሰጠው ባንክ ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ነው። በተራው የባንክ ካርድ ወይም በጥሬ ገንዘብ ከከፈላችሁ ይህ መብት የለም።

እነዚህ ሰዎች የወደቁት እጃቸው ስለደነዘዘ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገበያው ወደ ተራራ ብስክሌት ዞረ፤ ቀጥሎ ርካሹ የታይዋን አሉሚኒየም፣ ከዚያ ካርቦን መጣ። ግዙፉ የብስክሌት አምራች ራሌይ እንኳ የኖቲንግሃም ፋብሪካውን በ2002 ዘግቷል። በኮሮና ጊዜ ብስክሌት እንደ ዳቦ ተሸጠ፤ ወዲያው ደግሞ ገበያው ቀዘቀዘ። ሦስት ሰው በሞረድ ብረት እየሞረደ የሚሠራበት ቤት እንዲህ ያለውን መዋዠቅ የሚችልበት ትከሻ የለውም።

ወደ ያገለገለው ልመለስ። የሊድሱን ፍሬሜን የገዛሁት ብራድፎርድ አቅራቢያ ከአንድ አዛውንት ጋራዥ ነው። 200 ብለው በ140 ተስማማን። ተለጣፊው «ሬይኖልድስ 531» ይላል። ይህ በ1935 የወጣ የበርሚንግሃም ቱቦ ነው፤ ሁለት ጫፉ ወፍሮ መሐሉ ይሳሳል፣ ጥሩው መሐሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትርን ብዙም አያልፍም። ተለጣፊ ግን ምስክር አይደለም። በጥቂት ፓውንድ አዲስ ተለጣፊ አዝዞ በማንኛውም ቧንቧ ላይ የሚለጥፍ ሞልቷል። ስለዚህ ካሊፐር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ ይዤ እሄዳለሁ። የኮርቻው ዘንግ ውፍረት 27.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ምልክቱ ጥሩ ነው። 26.4 ወይም ከዚያ በታች ካሳየ የቱቦው ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ የተለጣፊውን ዋጋ አትክፈሉ።

ቀጥሎ ክር። ከኋላው ጎማ መታሰሪያ አስነሥቼ የአንገቱን ቱቦ በፊት በኩል አዙሬ ወደ ሌላው መታሰሪያ ወጠርኩት። ክሩ ከኮርቻው ቱቦ የሚርቀው በሁለቱም ጎን እኩል ከሆነ ፍሬሙ አልተጣመመም። በግራ 27፣ በቀኝ 28 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ እኩል ነው ማለት ይቻላል። አዛውንቱ ቁመው ሲያዩኝ ቆዩና «የልብስ ስፌት ሥራ ነበረህ?» አሉኝ።

ያላየሁት አንድ ነገር ነበር፤ ዘንጉን ለመለካት ብቅ ያለውን ክፍል ብቻ ነክቼ ወደ ውጭ ሳልጎትተው ቀረሁ። አሉሚኒየም ዘንግ በብረት ቱቦ ውስጥ ለዓመታት ሳይነቀልና ሳይቀባ ከቆየ እንደተበየደ ይጣበቃል። የኔውም ተጣብቋል። በመዶሻም በዘይትም እምቢ አለ፤ በመጨረሻ ባለሙያ በ45 ፓውንድ ቆርጦ አወጣው። እናንተ ሳትከፍሉ በፊት ዘንጉን አዙሩት። ካልዞረ ዋጋውን ቀንሱ።

ከኋላው አንዱ የጎማ መታሰሪያ ተሰንጥቆ ነበር። ባሕር ዳር ሳድግ የተሰበረ ብስክሌት ማታ በያጁ ዘንድ ይገባና ጠዋት ይወጣል፤ ያ ግን ወፍራም ቧንቧ ነው። 531 በኤሌክትሪክ ብየዳ አይነካም፤ በብየዳው ሙቀት ብረቱ ይሰባበራል። ከብረቱ መቅለጫ በታች በሆነ ሙቀት፣ በናስ ነው የሚያያዘው። ባለሙያው እሳቱን ሲያዞርበት ብረቱ ደብዘዝ ያለ ብርቱካናማ ሆነ፤ ናሱ እንደ ማር ፈሶ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። የኋላውንም ከፍቶ ከ126 ወደ 130 ሚሊ ሜትር አሰፋልኝ፤ እንዲህ ከሆነ የዛሬ ጎማ ይገባል። ካርቦን ላይ ይህን የሚሞክር የለም። ጥገናና ቀለም 255። 140፣ 45ና 255 ሲደመር 440። ከጣልኩት ካርቦን በ20 ፓውንድ ብቻ ይበልጣል፤ ካቀረቡልኝ አዲስ ፍሬም በ1,410 ያንሳል። አምስተኛ ዓመቱን ይዟል።

የትኛውን ስም ልፈልግ ለምትሉ፦ መርሺያን ውብ ነው። ቱቦዎቹን ክፍት የጋዝ ምድጃ ላይ ነው የሚያያይዛቸው፣ እንደ ፀጉር አስተካካይ ምሰሶ የሚጠመዘዝ ቀለሙም ከሩቅ ይታወቃል። የልብስ ዲዛይነሩ ፖል ስሚዝ አብሮት ሠርቷል፤ ይህን ስም የሚያውቅ ሻጭ ታዲያ ዋጋ ይጨምራል። እኔ ተመሳሳይ ጥራት ያለውን መርሺያን ከቦብ ጃክሰን ከ80 እስከ 150 በሚበልጥ ዋጋ ነው የማየው። የሊድሱን የምመርጠው ለዚህ ነው፤ ስሙን የገዛው ቤትም እዚሁ ከተማ ስለሆነ ለጥገና በአውቶቡስ ይደረስበታል። ሄቺንስ ካጋጠማችሁ እዩትና እለፉ። ከሩሲያ ተሰዶ ለንደን የገባ ሰው ያቋቋመው ነው፤ የኋላ ቱቦዎቹ እንደ እባብ የተጠማዘዙ ናቸው፤ ዋጋውን ግን ሰብሳቢዎች ሰማይ ሰቅለውታል። አሮጌ የፈረንሳይ ፍሬም ደግሞ ርካሽ ሆኖ ይታያችኋል፤ የብሎኑ ጥርስ ከእንግሊዙ ስለሚለይ መለዋወጫ ፍለጋ ስትዞሩ ርካሽነቱ ይጠፋል።

አዲስ አሠሩ የምላቸው ሰዎች አሉ። አንዲት እህት ቁመቷ 1.50 ሜትር ነው። አሮጌ ፍሬም በዚያ ልክ አይገኝም፤ ቢገኝም መሪውን ስታዞር የጫማዋ ጫፍ የፊት ጎማውን ይነካል። ለእሷ 1,850 ውድ አይደለም አልኳት። ባለቤቷ እስካሁን አኩርፎኛል።

ትናንት ማታ ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ ከደወሉት ሦስቱ አንዱ የሆነው ወጣት ተመልሶ ደወለ። ዌክፊልድ ውስጥ 95 ፓውንድ የተባለ ፍሬም አግኝቷል። 
«ዘንጉን አዞርከው?» 
«አይዞርም፣ ጋሼ።» 
«እንግዲያው 50 በል።»