ለልጅ አኒሜሽን ማስተማሪያ ምን ይገዛ? ወረቀት፣ ስልክ ወይስ ታብሌት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልጃቸው ካርቱን ከማየት አልፎ መሥራት እንዲሞክር የሚፈልጉ ወላጆች ቀድመው የሚጠይቁኝ «የትኛውን ታብሌት ልግዛ?» ብለው ነው። ልጁ ከዘጠኝ ዓመት በታች ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙት። መጀመሪያ ሊገባው የሚገባው ጥቂት በጥቂት የሚለያዩ ሥዕሎች ቶሎ ቶሎ ሲከታተሉ እንቅስቃሴ ሆነው እንደሚታዩ ነው። ይህን ደግሞ በእጁ ነክቶ ሲሠራው ይበልጥ ይገባዋል። ሲኒማ በሰከንድ 24 ሥዕል ያሳያል፤ ለጀማሪ ልጅ 8 ይበቃዋል።

ርካሹ ወረቀት ነው። እየተገለበጠ የሚታይ የሥዕል ደብተር በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት የተመዘገበለት በ1868 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም ይሠራል። አንድ ጥቅል ስቲኪ ኖት (ጠርዙ የሚለጠፍ ትንንሽ ወረቀት) እና እርሳስ ግዙ። ልጁ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ወደ ፊት ይሳል፤ ያለፈው ሥዕል ከሥር ስለሚታየው ትንሽ አዛውሮ ይደግመዋል። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም። ችግሩ መሰልቸት ነው፤ ስለዚህ በሰው ሳይሆን በምትነጥር ኳስ ይጀምር።

እኔ ግን ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላለ ልጅ የምመርጠው ቤት ያለውን ስልክ፣ የስልክ ማቆሚያና ፕላስቲሲን (ልጆች ቅርጽ የሚሠሩበት ለስላሳ ሊጥ መሰል ነገር) ነው። ስልኩ ላይ ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ የተባለ፣ ፎቶዎችን አከታትሎ ፊልም የሚያደርግ መተግበሪያ ይጫናል፤ ነጻው እትም ለመጀመሪያ ይበቃል። ልጁ በፕላስቲሲን የሠራውን አሻንጉሊት፣ ለምሳሌ በግ፣ ትንሽ ያንቀሳቅሳል፣ ፎቶ ያነሳል፣ እንደገና ያንቀሳቅሳል። በሰከንድ 8 ከሆነ 40 ፎቶ የአምስት ሰከንድ ፊልም ይወጣዋል። በጭቃ ላምና በሬ እየሠራ ላደገ የገጠር ልጅ ግማሹ ትምህርት አልቋል ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ጭቃ ቀረጻው ሳያልቅ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ፕላስቲሲን አይደርቅም። በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ስለሚጠጥር ቀድሞ በእጅ ይታሽ። ሸዋ ሮቢት ላይ በተቃራኒው ይለሰልስና የበጉ እግር ይታጠፋል፤ ያኔ እግሩ ውስጥ ስቴኪኒ ይግባበት። የመንዝ በግ ሱፍ ቆንጥራችሁ ብትለጥፉበት ደግሞ ጣት በነካው ቁጥር ፀጉሩ ስለሚዛባ ፊልሙ ላይ በጉን ነፋስ የሚመታው ይመስላል፤ ልጆች በጣም ይወዱታል።

ብርሃኑ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በመስኮት ብርሃን ከተቀረጸ ደመና ባለፈ ቁጥር ፊልሙ ይጨልማል፣ ይፈካል። በክረምትማ ጭራሽ አይሆንም። መጋረጃ ዘግቶ በአንድ መብራት መሥራት ይሻላል፤ መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ቻርጅ የሚደረግ አምፖል ይገዛ።

ታብሌት ዋጋ የሚኖረው ልጁ ስክሪን ላይ መሳል ሲፈልግ ነው። ፍሊፓክሊፕ የተባለው የሥዕል አኒሜሽን መተግበሪያ ያለፈውን ሥዕል አደብዝዞ ከሥር ስለሚያሳይ እንደ ወረቀቱ ያሠራል፤ ስህተት ማጥፋትም ቀላል ነው። በትንሽ ስልክ ላይ በጣት መሳል ግን ልጁን ያበሳጨዋል፤ ስክሪኑ ሰፋ ያለ ታብሌትና የስክሪን ብዕር ይፈልጋል። ነጻው እትም ማስታወቂያ ስለሚያመጣ ልጁ ሲሠራ ዳታ ዝጉ። እኔ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አልገዛም።

ስክራች ጁኒየር ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነጻ መተግበሪያ ነው፤ ማንበብ አይጠይቅም። ልጁ ግን ገጸ ባሕርዩን በትእዛዝ ያስኬደዋል እንጂ እያንዳንዱን እርምጃ ራሱ አይሠራም፤ ከአኒሜሽን ይልቅ ኮዲንግ (ለኮምፒውተር ትእዛዝ መስጠት) ያስተምራል። ለትላልቆቹ የሚሆነው ስክራች በአማርኛም ይሠራል፤ ቤታችሁ ኮምፒውተር ካለ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ጫኑላቸው።

ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ማቆሚያውን ግዙ። ሱቁ ውስጥ ስልካችሁን ግጠሙበትና ስክሪኑን እንደ ልጅ ጫን አድርጋችሁ ንኩት። ከተወዛወዘ ተዉት፤ እያንዳንዱ ፎቶ ሲነሳ ካሜራው ከቦታው ይነቃነቃል።