የጓሳ ዳገት፦ መኪናው ዜሮ፣ ስካውቱ አሥር

ለእረፍት አገር ቤት ስገባ ዘመድ ሁሉ «ላንጋኖ እንውሰድሽ» ይላል። እኔ ደግሞ ሰው የማይበዛበት ዳገት አማረኝ። ሰሜን ሸዋ ያለውን፣ ማኅበረሰቡ የሚጠብቀውን የመንዝ ጓሳ ሣር ምድር መረጥኩ።

ከመኪናው ልጀምርና ልገላገል። ስከራይ «ፎርባይፎር ነው» ተብዬ ነበር። ጠዋት በር ላይ የቆመው ግን ያረጀ አውቶሞቢል። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ ከእኔ በፊት ትንፋሽ ያጠረው እሱ ነው። የዋጋውን ልዩነት መልሱልኝ ብል «እንደውልልሻለን» አሉ፤ በዚያው ቀሩ። ሹፌሩን አልወቅስም፣ ጨዋ ልጅ ነው። እናንተ ግን ሳትከፍሉ የመኪናውን ፎቶና ታርጋ አስልኩ።

ማደሪያው የማኅበረሰቡ ሎጅ ነው። ንጹሕ ነው፣ ቀላል ነው። ቅንጦት የፈለገ ይቅርበት። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጋቢና ስንቅ ያዙ።

አሁን ወደ ስካውቱ፣ ቦታውን ወደሚጠብቁትና እንግዳ ወደሚመሩት ሰው። የዚያው የመንዝ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እያልኩ ተከተልኳቸው። ዳገቱ ከሩቅ ለስላሳ ምንጣፍ ይመስላል። ሲረግጡት ሌላ ነው። ሣሩ ጉብ ጉብ ብሎ ይበቅላል፣ በመሃሉ የአይጥ ጉድጓድ ሞልቷል። ቁርጭምጭሚት የሚያወልቅ ነገር ነው። ጋሼ «ቀስ በይ ልጄ፣ ዳገቱ አይሸሽም» እያሉ የት እንደምረግጥ በዱላቸው ያሳዩኛል። አየሩ ስስ ነውና መልስ ለመስጠት እንኳ ትንፋሽ አልነበረኝም።

ካንዱ ጅብራ (እንደ ዛፍ የሚቆም የደጋ ተክል ነው) ሥር አስቀመጡኝና «ዝም ብለሽ እዪ» አሉኝ። ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። በመሃላቸው ቀይ ቀበሮ ይዞራል፤ አንዱም አልደነገጠ። ቀበሮው የሚፈልገው አይጥ ነው። ጭላዳ መሃል ሆኖ ሲያድን ይበልጥ እንደሚቀናው ተመራማሪዎች እዚሁ ጓሳ ላይ አይተዋል። ጋሼ ደግሞ ከእረኝነታቸው ጀምሮ ያውቁታል!

ሣሩ እስካሁን የቆየው የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ስለጠበቀው ነው። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ታጭዶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይውላል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመው።

ስካውት ለሙሉ ቀን ያዙ። ጉም ከወረደ መንገዱን የሚለዩት እነሱ ናቸው። ጉርሻውንም በእጃቸው ስጡ።