ለማቴምዌው ካፒቴን ምስጋና፤ ዛንዚባር ለምትሄዱ ጥቆማ

ከዛንዚባር ከተመለስን ሦስተኛ ቀናችን ነው። ልጄም እህቴም በሰላም አጠገቤ አሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከእሱ ቀጥሎ የማመሰግነው በደሴቱ ሰሜን ምሥራቅ ባህር ዳር ባለችው ማቴምዌ መንደር ጀልባ የሚነዱ አንድ ካፒቴን ናቸው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም፣ ስለዚህ አልጽፈውም። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሰው ግን ስልካቸውን እሰጣለሁ፤ ለዚያ ፈቅደውልኛል።

ምስጋናዬ ለምን እንደበዛ እንዲገባችሁ ከሁለት ዓመት በፊት ያየነውን ልንገራችሁ። ያኔም ዛንዚባር ነበርን፣ እኔና እህቴ ብቻ። ባህር ዳር ላይ ያገኘናቸው ልጆች ምኔምባ ወደምትባለው ትንሽ ደሴት ወስደን አሳና ኮራል የሚባለውን የባህር ድንጋይ እናሳያችኋለን አሉን። ምን ብንጠይቃቸው መልሱ "ችግር የለም" ነው። ለአሥር ሰው በምትጠብ ጀልባ አሥራ ዘጠኝ ሆነን ተሳፈርን። ላይፍ ጃኬቶቹ ወንበር ሥር ተጠቅጥቀዋል፣ የአንዱ ማሰሪያ ተበጥሷል፣ የሌላው ዚፕ አይዘጋም። እዚያ እንደደረስን "ግቡ" አሉን፣ ገባን። ወራጅ ውሃ ስለመኖሩ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ማስክ አድርጌ አሳ ሳይ ቆይቼ ቀና ስል ጀልባዋ ርቃ ርቃ ትታየኛለች። እህቴ ውሃ መዋጥ ጀምራለች። ብጮህ ማን ይስማኝ! ዘግይተው መጥተው ጎትተው ሲያወጡን አንደኛው "ዋና አትችሉም እንዴ?" አለን። ይቅርታ እንኳን አላሉንም። እህቴ ከዚያ በኋላ ለወራት ውሃ ያለበት ሕልም እያየች ትባንን ነበር። ማን እንደሆኑ አልጽፍም፣ እዚያው ይቅር።

ዘንድሮ ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሞላው፣ ባህር ባህር እያለ አላስቀምጥ አለኝ። አንድ ወዳጄ ካፒቴኑን ጠቆመችኝ፣ ቀብድ ከፍዬ በቀጠሮው ቀን በማለዳ ደረስን። ልጄ ማስኩን ከማደሪያችን ጀምሮ ግንባሩ ላይ አድርጎታል። ካፒቴኑ አሸዋው ላይ ቆመው ርቆ ማዕበሉ ኮራሉን እየመታ ነጭ አረፋ የሚያወጣበትን መስመር ያያሉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ዞር ብለው "ዳዳ፣ ዛሬ አንወጣም" አሉኝ። ዳዳ በስዋሂሊ እህቴ ማለት ነው። በእነዚህ ወራት ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፣ ማቴምዌ ደግሞ ፊቷን ለእሱ ነው የሰጠችው። ቀብዱን ከኪሳቸው አውጥተው ቆጥረው፣ ሳይጎድል እጄ ላይ አስቀመጡት።

እውነቱን ልናገር፣ አኮረፍኩ። የተሻለ የሚከፍል ሰው አግኝተው ነው ብዬ ጠረጠርኳቸው። አጠገባችን ያሉ ሁለት ጀልባዎች ሰው ጭነው ሲወጡ ደግሞ ባሰብኝ። ከረፋዱ በፊት ሁለቱም ተመለሱ፣ ሰዉ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ርሷል፣ የሚያስመልሰውም ነበር።

ካፒቴኑ ግን ያን ቀን ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ባህሩ ሲረጋ ጠብቀው ልጄንና እህቴን ወገብ የሚደርስ ውሃ ውስጥ አስገቧቸው። ልጄን በጀርባው አስተኝተው መዳፋቸውን ከማጅራቱ ሥር ያዙለት። "ጆሮህን ውሃው ይሸፍነው፣ ሆድህን ወደ ሰማይ" ይሉታል። ከዚያ ጣታቸውን አንድ በአንድ አነሱ፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ጣት ብቻ ቀረች፣ እሷም ተነሳች። ልጄ ተንሳፍፎ ቀረ፣ እንደተለቀቀ እንኳን አላወቀም። እህቴን ደግሞ ብዙ ጊዜ ፈጅተው፣ አንዴም ሳይቆጡ፣ ደጋግመው አስተማሯት። ለዚያ ሁሉ ድካም ብር ብሰጣቸው አልቀበልም አሉኝ።

በነጋታው ወጣን። ገመድ ሳይፈቱ ሰዉን ቆጠሩ፣ የእያንዳንዱን ጃኬት ማሰሪያ ራሳቸው እየሳቡ አዩ። በፈረንጆቹ መስከረም 2011 በሁለቱ የዛንዚባር ደሴቶች በኡንጉጃና በፔምባ መካከል ከአቅሟ በላይ ጭና የሰጠመችውን ስፓይስ አይላንደር የተባለች መርከብ እያነሱ "ሰው ካልቆጠርኩ ሞተር አላስነሳም" ይላሉ። ስለ ጨረቃና ስለ ባህሩ መሙላት ሲያስረዱኝ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ይህ ነው፦ ባህሩ በቀን ሁለቴ ገደማ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል፣ ሰዓቱም በየቀኑ ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ስቶን ታውን ከሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ፊት ለፊት ያለችው ናኩፔንዳ የምትባለው የአሸዋ ደሴት ባህሩ ሲሞላ ጨርሳ ትጠፋለች።

ምኔምባ ስንደርስ ራሳቸው ቀድመው ገቡ፣ በገመድ የታሰረ ተንሳፋፊ ቀለበት ይዘው። ያስጠኑን ጥቂት ነገር ነው። መጀመሪያ ወደ ወራጁ ፊት ለፊት ዋኙ፣ ስትደክሙ እሱ ይመልሳችኋል። አሳ ስታዩ ቆይታችሁ አትርሱ፣ ቶሎ ቶሎ ቀና እያላችሁ ጀልባዋን ፈልጉ። ውሃው ከወሰዳችሁ አትታገሉ፣ በጀርባችሁ ተኙና እጃችሁን አንሱ።

ወሰዳት። እህቴን ማለቴ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመቷን ዕለት አስቤ ልቤ ቀጥ ሊል ነበር። እሷ ግን በጀርባዋ ተኛች፣ እጇን አነሳች። ካፒቴኑ ከመቼው እንደደረሱ አላየሁም፣ ቀለበቱን ይዛ እየሳቀች ስትመጣ ነው ያየሁት። ጀልባው ላይ ሆኜ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። "እኛ አገር ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል" ብዬ ብተረጉምላቸው ጥቂት ዝም ብለው ለረዳታቸው በስዋሂሊ ደገሙለት።

ጫማ አድርጉ ሲሉኝ ያልሰማሁት እኔ ደግሞ ባህሩ በሸሸበት ሰዓት የባህር ጃርት ረገጥኩ። እሾሁ ጥቁር፣ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው፣ ቆዳ ውስጥ ይሰበራል። የሚቻል ሙቅ ውሃ አስነክረውኝ ከጥሬ ፓፓያ የሚወጣውን ነጭ ወተት ቀቡልኝ። ካበጠ ወይም ትኩሳት ከመጣ ክሊኒክ እንሄዳለን ብለው ማታ ደውለው ጠየቁኝ። ደንበኛውን ማታ ደውሎ የሚጠይቅ ማን አለ?

ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ጎብኚ የ44 ዶላር ኢንሹራንስ እንዲገዛ ግዴታ ነው፣ እሱን አትርሱ። ከሁሉም በላይ ግን የምትሳፈሩበትን ሰው ምረጡ፣ እባካችሁ። በተለይ ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ፣ እኚህን ሰው ሳታገኙ ምኔምባ አትውጡ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ልጆቻቸውን ይባርክልኝ።

ስትደውሉላቸው መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ስንት ሰው እንደሆናችሁ ሳይሆን ስንት ቀን እንደምትቆዩ ነው። ቢያንስ ሦስት ቀን ስጧቸው፣ የሚወጣበትን ቀን እሳቸው ይምረጡት።