ቱርቦ ወይስ ጎማና ክብደት? በጎጃም ከፍታ ለ402 ሜትር የቀጥታ ፍጥነት ውድድር የሚዘጋጅ መኪና

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። ቱርቦ (አየርን ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 200 ፈረስ ጉልበት የተባለው ባሕር ዳር ላይ ወደ 165 ይወርዳል።

ይህን የሳሳ አየር የሚያካክሰው ቱርቦ ነው። ለመጀመሪያ 0.5 ባር ግፊት ይበቃል። ነገር ግን ቱርቦ ብቻውን አይገጠምም፦ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ)፣ ተለቅ ያለ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጭ)፣ ጠንካራ የነዳጅ ፓምፕ፣ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ (ሙቀት ቶሎ የሚያስወጣ) ካንዴላ፣ ከሁሉም በላይ የሞተሩን ኮምፒውተር እንደገና ማስተካከል ይጠይቃል። ብዙ ሞተር የሚሞተው ይህ የመጨረሻው ሲዘለል ነው። ነዳጁ ካነሰ ወይም የካንዴላው እሳት ከጊዜው ከቀደመ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ፒስተን ይሰነጠቃል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ከዚያ የሚተርፍ ካለ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል።

ጎማና ክብደት ርካሽ ነው። 45 ኪሎ መቀነስ 0.1 ሰከንድ ያህል ይቆጥባል፦ ስኮርታ፣ ክሪክና የኋላ ወንበር ይውጡ፣ ነዳጁም ሩብ ይሁን። ሞተሩ በሚያሽከረክራቸው እግሮች ላይ ለስላሳ ጎማ ይግባ፤ ንፋሱን በ2 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) እየቀነሱ ይሞክሩ። ተራ ጎማ ግን ንፋሱ ከልክ በላይ ከቀነሰ ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል።

እኛ ጎማውን እናስቀድማለን፤ መሬት ያልያዘ ጎማ የቱርቦን ጉልበት ጭስ ያደርገዋል። ሙከራው ሁሉ ለትራፊክ በተዘጋ ሜዳ ብቻ ይሁን፤ የአባይ በረሃ ቁልቁለት ለዚህ አይደለም።